ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ይሞቃል፦ የኤሲ ኮምፕሬሰር ከመግዛቴ በፊት ምን ልይ?

ፋሲሎ_06

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው የ2006 ኮሮላ ነው፤ ቤንዚን፣ ኮምፕሬሰሩ ባለ ክለች። ወደ ወረታ መንገድ ላይ ኤሲው ደህና ይቀዘቅዛል። ባሕር ዳር ውስጥ ግን በተለይ ቀን 7 እና 8 ሰዓት ላይ መንገድ ተጨናንቆ ስቆም አየሩ መጀመሪያ ለብ ይላል፣ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጭራሽ ሙቅ ይሆናል። ከመጋቢት ወዲህ ሁለት ጊዜ ጋዝ ተጨምሮበታል፤ ለውጥ የለም። አሁን «ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፣ ይቀየር» ተብያለሁ። ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልይ? የጋዝ ግፊት ጌጅ የሚያውሰኝ ሰው አለ።

ጣና_ዳር_ጋራዥ

ወንድሜ፣ ኮምፕሬሰሩን ለጊዜው ተወው። ከጻፍከው ሁሉ ዋናው ፍንጭ «ሲሄድ ይቀዘቅዛል፣ ሲቆም ይሞቃል» የሚለው ነው።

ኤሲ ከመኪናው ውስጥ የሰበሰበውን ሙቀት የሚጥለው ከራዲያተሩ ፊት በተቀመጠው ኮንደንሰር በኩል ነው። መንገድ ላይ ንፋሱ ራሱ ሙቀቱን ይወስድልሃል። ስትቆም ያ ሥራ በሙሉ ፋኑ ላይ ይወድቃል። ፋኑ ካልተነሳ ወይም ኮንደንሰሩ በቆሻሻ ከታፈነ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፣ የጋዙ ግፊት ይወጣል፣ ውስጥ የሚነፋውም አየር ይሞቃል።

እርግጥ የደከመ ኮምፕሬሰርም ስትቆም ሊያሞቅ ይችላል፣ የሞተሩ ዙር ስለሚቀንስ። ሁለቱን መለየት ግን ቀላል ነው። መኪናው ቆሞ ሙቅ እየነፋ ሳለ አንድ ሰው ነዳጅ ረግጦ ሞተሩን ከ1,500 እስከ 2,000 ዙር ላይ ለሁለት ደቂቃ ያቆየው። ደካማ ኮምፕሬሰር ዙር ሲያገኝ ይበረታል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ችግሩ ከኮንደንሰር ወይም ከፋን ከሆነ ዙር መጨመር አይረዳም፤ አንዳንዴ ያባብሰዋል።

ከዚያ የውሃውን ሙከራ አድርግ። ጌጁ እንደተሰካ፣ ኤሲው በርቶ፣ አምስት ሊትር ውሃ በጀሪካን ከፊት በግሪሉ በኩል ኮንደንሰሩ ላይ ቀስ እያልክ አፍስስ። ቀዩ ጌጅ (ከፍተኛውን ግፊት የሚለካው፤ ሰማያዊው ዝቅተኛውን ነው) ወዲያው ወርዶ አየሩ መቀዝቀዝ ከጀመረ ኮምፕሬሰሩ ሥራውን እየሠራ ነው ማለት ነው። ስታፈስ እጅህን ከፋኑ አርቅ፤ የኤሌክትሪክ ፋን ሳይታሰብ ይነሳል።

የምፈልጋቸው ቁጥሮች፦ መኪናው ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ሁለቱ ጌጆች ስንት ይላሉ? ሞተሩ ተነስቶ 1,500 ዙር ላይ፣ በሮቹ ተከፍተው፣ የውስጥ ነፊው መጨረሻ ላይ፣ ቅዝቃዜው መጨረሻ ላይ ሆኖስ ስንት? ኤሲ ስታበራ ከራዲያተሩ ኋላ ያሉት ፋኖች ሁለቱም ይነሳሉ?

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ ከልቤ የምለው ነው። የኤሲ ጋዝ እንደ ቤንዚን ነዶ አያልቅም። በተዘጋ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይበላም። ጎደለ ከተባለ የወጣበት ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ፣ ስንት እንደነበረ ሳይመዘን «ትንሽ እንጨምርበት» ማለት ብዙ መኪና ያበላሻል።

ሽምብጥ_በር

ጌጅ ከመሰካትህ በፊት አምስት ደቂቃ የማትወስድ ነገር አለች። ጠዋት ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ኤሲ ሳታበራ ነፊውን ብቻ ክፈት። አየሩ እንደ ውጭው ከሆነና ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ከውጭው አየር በላይ የሚሞቅ ከሆነ፣ ከክሩስኮቱ ስር ሙቅና ቀዝቃዛውን የምትከፍለው በር አልዘጋ ብላለች፤ የሂተሩ ሙቀት እየገባ ነው። ለማረጋገጥ ወደ ሂተር የሚገባውን የውሃ ጎማ ጨርቅ ደርበህ ቀስ ብለህ በመቆንጠጫ ያዘው። ወዲያው ከቀዘቀዘ ከጋዙ ጋር ምንም ጉዳይ የለህም።

የካቢን ፊልተሩንም እይ፤ ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ ነው። በኮረት መንገድ የሚመላለስ መኪና ፊልተሩ ፈጥኖ ይደፈናል።

ፋሲሎ_06

አመሰግናለሁ። ሁሉንም ሞከርኩ። የሂተሩ በር ደህና ናት። ዙር ስጨምር አልቀዘቀዘም። ውሃ ሳፈስበት ግን ወዲያው ቀዘቀዘ!

ጌጁ፦ ጠዋት ሞተር ሳይነሳ ሁለቱም 85 ፒኤስአይ (የጥላው ሙቀት 25 ዲግሪ)። ቀን ላይ በ1,500 ዙር ሰማያዊው 52፣ ቀዩ 310። ከሁለቱ ፋኖች የቀኙ አይነሳም። በባትሪ መብራት በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ መሃል ሳይ ደግሞ እብቅና የሞተ ትንኝ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል።

ጣና_ዳር_ጋራዥ

ይኸው ወጣ። ውጭው ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ሲሆን ቶዮታ ለአር134ኤ (ለዚህ የኤሲ ጋዝ) የሚሰጠው ልክ በ1,500 ዙር ሰማያዊው ከ21 እስከ 36፣ ቀዩ ከ199 እስከ 228 ፒኤስአይ ነው። ለብ ባለ ቀን ቀዩ ከዚያም ዝቅ ይላል። ያንተ ሁለቱም ከልክ በላይ ናቸው። ሁለቱም ሲወጡ ሦስት ነገር ይጠረጠራል፦ ኮንደንሰሩ አልቀዘቀዘም፣ ጋዙ በዝቷል፣ ወይም ውስጡ አየር ገብቷል። አንተ ላይ የመጀመሪያው ተረጋግጧል፤ ሁለተኛውን እጠረጥራለሁ፣ ሁለት ጊዜ ተጨምሯልና። የደከመ ኮምፕሬሰር ቢሆን ሰማያዊው ከፍ፣ ቀዩ ዝቅ ብለው ይቀራረቡ ነበር። 310 ገፍቶ ያወጣ ኮምፕሬሰር አልደከመም።

አጸዳዱን ተጠንቅቀህ ሥራ። ፕሬዠር ማጠቢያ አታስጠጋበት፤ የኮንደንሰሩ ክንፎች እንደ ወረቀት የሳሱ ናቸው፣ ጎንበስ ካሉ አየር አያሳልፉም። የላይኛውን ሽፋንና የራዲያተሩን የላይ ማሰሪያ ብሎኖች ፍታ፣ ራዲያተሩን ወደ ሞተሩ በኩል ሁለት ሦስት ጣት ያህል አዘንብል። የኤሲውን ቱቦ አትፍታ። ደረቁን እብቅ አስቀድመህ በለስላሳ ብሩሽ ወደ ታች ጥረግ፤ መጀመሪያ ካረጠብከው ጭቃ ሆኖ ይጣበቃል። ከዚያ በቀላል የጎማ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት እጠብ፣ ቆሻሻው በገባበት እንዲወጣ። የደረቀ ትንኝ ካለቀቀ የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በለብ ውሃ በጥብጠህ ረጭተህ አሥር ደቂቃ ቆይ። የተጣመመውን ክንፍ በቀጭን ካቻቢቴ አቅና። ከኅዳር እስከ ጥር በፎገራ የሩዝ መውቂያ አጠገብ የሚያልፍ መኪና ይህን በየዓመቱ ያስፈልገዋል።

ወደ ፋኑ። ሶኬቱን ንቀልና ሁለቱን ጫፎች በሽቦ በቀጥታ ከባትሪ አገናኝ፣ መሃል ላይ የ20 አምፒር ፊውዝ አስገባ። ከተነሳ የፋኑ ሞተር ደህና ነው፤ ሪሌውን፣ ፊውዙንና ሶኬቱን ፈትሽ። ሪሌውን ከጎኑ ካለ ተመሳሳይ ሪሌ ጋር ብታቀያይር በአንድ ደቂቃ ይታወቃል። ካልተነሳ ሽቦው እንደተገናኘ የፋኑን ሞተር ቆብ በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርገህ ምታው። ሲመታ ዞሮ ከተነሳ ካርቦኑ አልቋል። ያ ፋን አንድ ቀን ይሠራል፣ በማግስቱ ይቆማል፤ ስለዚህ አትተማመንበት፣ ቀይረው።

ቀበሌ14_ኤሌትሪሻን

በዚሁ ልጠይቅ። ከኤሲው ቱቦ አየር የሚመጠው ቫኪዩም ፓምፕ ለ45 ደቂቃ ሠርቶ ሰማያዊው ጌጅ 24 ላይ ይቆማል። መመሪያው 29 ወይም 30 ይድረስ ይላል። የፓምፑን ዘይት ቀይሬያለሁ፣ ያው ነው። ፓምፑ ነው ወይስ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ?

የድሮ_መካኒክ

ልጄ፣ ፓምፑ ደህና ነው። መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠረፍ ነው፣ አንተ ያለኸው ጣና ዳር ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 1,013 ሚሊባር ነው፤ እዚህ 815 ግድም። ጌጁ የሚያሳየው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ብቻ ነው፤ ፓምፑ የመጨረሻዋን አየር ሁሉ ቢመጥ እንኳ መርፌው 24 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ ላይ ያልቅበታል። 29 ካሳየህ ጌጁ ተበላሽቷል።

ግን ተጠንቀቅ፣ «24 ደርሷል» ብቻውን በቂ አይደለም። ፓምፑ የሚፈለገው እርጥበቱን ለማስወጣት ነው። ውሃ በ25 ዲግሪ የሚፈላው የውስጡ ግፊት ወደ 32 ሚሊባር ሲወርድ ነው፤ ያ በመርፌው ላይ የአንድ ኢንች ያህል ልዩነት ናት፣ 23 እና 24 ማለት ነው። በመርፌ ጌጅ እሷን ማመን አይቻልም። ስለዚህ ሰዓቱን ጨምር፦ ዝናብ ባለበት ወር አንድ ሰዓት፣ በበጋ 45 ደቂቃ። ዲጂታል የማይክሮን መለኪያ ካገኘህ ከ500 ማይክሮን በታች አውርደው። ከዚያ ቫልቮቹን ዘግተህ ፓምፑን አጥፋና 20 ደቂቃ ተቀመጥ። መርፌው ቀስ በቀስ ወደ ዜሮ የሚመለስ ከሆነ ቀዳዳ አለ፤ ጥቂት ተመልሶ ከቆመ እርጥበት ነው፣ ፓምፑን ድገመው።

በዚያው ምክንያት የግፊት ሠንጠረዡም ለእኛ በ3 ፒኤስአይ ይጨምራል። አር134ኤ ሞተር ጠፍቶ፣ ሁሉም ነገር ከአየሩ ጋር እኩል ሲሆን፣ እዚህ በ20 ዲግሪ 71፣ በ25 ዲግሪ 85፣ በ30 ዲግሪ 100 ያህል ያሳያል። የፋሲሎው ልጅ 85 ልክ ነው። ግን ይህ ቁጥር ጋዝ መኖሩን ይነግርሃል እንጂ መጠኑን አይነግርህም። ውስጡ ጠብታ ፈሳሽ እስካለ ድረስ 200 ግራም ያለውም 600 ግራም ያለውም መኪና ያንኑ 85 ያሳያል። የቡታ ጋዝ ሲሊንደርም እንዲሁ ነው፤ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ግፊቱ አይለወጥም፣ የምታውቀው አንስተህ ስትመዝነው ነው። መጠን የሚታወቀው በሚዛን ብቻ ነው።

ቀበሌ14_ኤሌትሪሻን

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለፓምፕ ገንዘብ ላወጣ ነበር።

ዓባይ_ማዶ

ጋዝ ውድ ሆኗልና፣ የቡታ ጋዝ ነገር ከተነሳ፣ እሱን የሚሞሉ አሉ፤ ይቀዘቅዛል ይላሉ። እንዴት ነው?

ጣና_ዳር_ጋራዥ

አታድርገው፣ እባክህ። መቀዝቀዙን ይቀዘቅዛል፤ አደጋው ሌላ ነው። ኢቫፖሬተሩ (የሚነፋውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል) ያለው ከክሩስኮቱ ስር፣ ከእግርህ ፊት ነው። እሱ ከተበሳ የሚነድ ጋዝ በተዘጋ መኪና ውስጥ ይሞላል፤ የነፊው ሞተር ካርቦን ደግሞ ብልጭታ ይሰጣል። ፊት ለፊት ግጭት ቢደርስም ቀድሞ የሚቀደደው ኮንደንሰሩ ነው፣ የጋለ ሞተር አጠገብ። ቀጥሎ ጋዙን የሚስብ መካኒክ በሲሊንደሩ ያለውን ንጹሕ ጋዝ ሳያውቅ ይቀላቅልበታል። የተቀላቀለ ጋዝ ያለበት መኪና ላይ የትኛውም የግፊት ሠንጠረዥ አይሠራም።

የታመቀ አየር ወይም ኦክስጅን አስገብቶ ቀዳዳ መፈለግም እንዲሁ ክልክል ነው። አየሩ እርጥበት ያስገባል፤ ኦክስጅን ከኮምፕሬሰር ዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይፈነዳል። የሚያገለግለው ደረቅ ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ያውም ከሲሊንደሩ በሬጉሌተር ተቀንሶ። 150 ፒኤስአይ ሞልተህ አንድ ሰዓት ተው።

ቀዳዳ ስትፈልግ መጀመሪያ በዓይን ነው። ጋዙ ሲወጣ ዘይት ይዞ ይወጣል፤ ዘይቱ አቧራ ይይዛል። ስለዚህ የቱቦ መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ርጥብ ጭቃ የመሰለ ካየህ እዚያ ነው። ከዚያ ሳሙና አረፋ፦ ሁለቱ የመሙያ አፎች (ቆባቸው የጠፋ ከሆነ በጣም ይጠረጠራሉ)፣ የኮምፕሬሰሩ የፊት ዘንግ ማኅተም፣ የኮንደንሰሩ ታችኛው ጥግ ድንጋይ የሚመታው ቦታ። የተፈታ መጋጠሚያ ሁሉ አዲስ ኦሪንግ ይፈልጋል፤ ለኤሲ የተሠራው ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው። ስታስገባው በኮምፕሬሰር ዘይት ቀባው።

ዶልፊን_ጎንደር_መስመር

የእኔ ደግሞ ሃይስ ነው፣ ዶልፊኑ። ፊት ይቀዘቅዛል፣ ኋላ ተሳፋሪ ላይ ሙቅ ይነፋል። አንድ ኮምፕሬሰር አይደለም እንዴ?

የድሮ_መካኒክ

ኮምፕሬሰሩ አንድ ነው፣ ኢቫፖሬተሩ ግን ሁለት ነው፤ ኋላው ጋዙን እየመጠነ የሚለቅ የራሱ ኤክስፓንሽን ቫልቭ አለው። ጋዝ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚራበው ኋላው ነው፣ መንገዱ ረጅም ስለሆነ። የኋላውን ሽፋን ፍታና ሁለቱን ቱቦ በእጅ ያዝ። ወፍራሙ ቱቦ ቀዝቅዞ ማላብ አለበት። ለብ ካለና ቀጭኑ ሙቅ ከሆነ ቫልቩ ተደፍኗል ወይም ጋዙ አይደርስም። ወፍራሙ ቀዝቅዞ አየሩ ብቻ የማይወጣ ከሆነ የኋላው ማጣሪያ በአቧራ ተደፍኗል፣ አውጥተህ እጠበው። ወለል ስር የሚያልፉትን ቱቦዎች ጉድጓድ ላይ አውጥተህ እያቸው፤ ጭቃ በተጣበቀበትና ማሰሪያው በሚይዝበት ቦታ አሉሚኒየሙ ይበላል። ባለ ሁለት ኤሲ የሚወስደው ጋዝ ከትንሽ መኪና በጣም ይበልጣል፤ የፊት ብቻ ካለው ሃይስ ቁጥር አትዋስ፣ ያንተው መኪና ላይ የተለጠፈውን አንብብ።

ዘንዘልማ_ቪትዝ

የእኔ ቪትዝ ጠዋት ይቀዘቅዛል፤ ከ20 ደቂቃ በኋላ ኮምፕሬሰሩ ራሱ ይቆማል። ግማሽ ሰዓት ካረፈ እንደገና ይሠራል። ጋዙ በሚዛን የተሞላ ነው።

ቀበሌ14_ኤሌትሪሻን

ይህ የኮምፕሬሰሩ ክለች ክፍተት ይመስላል። ኮምፕሬሰሩ በቆመ ሰዓት የክለቹን ሶኬት በቴስተር ለካ። 12 ቮልት የማይደርሰው ከሆነ ወደ ኋላ ሂድ፦ ሪሌ፣ የግፊት ስዊች (ቶዮታ ላይ ከ2 ባር በታች እና ከ31 ባር በላይ ሲሆን ይቆርጣል)፣ የኢቫፖሬተር ሙቀት ሴንሰር። 12 ቮልት እየደረሰው የክለቹ ሰሌዳ ካልተሳበ ግን ክለቹ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው፦ የክለቹ ሽቦ ሲቀዘቅዝ ከ3 እስከ 5 ኦም ያህል ነው። ሲሞቅ ኦሙ ይጨምራል፣ የሚገባው አምፒር ይቀንሳል፣ ማግኔቱ ይደክማል። ሰሌዳው ካለቀና ክፍተቱ ከሰፋ የደከመው ማግኔት ከሩቅ ስቦ አያመጣውም። ሞተሩን አጥፍተህ በሰሌዳውና በፑሊው መሃል በፊለር ጌጅ በሦስት ቦታ ለካ፤ ከ0.35 እስከ 0.65 ሚሊሜትር መሆን አለበት። ከሰፋ መሃሉ ላይ ያለውን ብሎን ፈትተህ ሰሌዳውን አውጣ፣ ከጀርባው ካሉት ስስ ቀለበቶች አንዷን ቀንስ፣ መልሰህ ለካ። ለዚህ ኮምፕሬሰር አይቀየርም፣ ጋዝም አይወጣም።

አንዳንድ ቪትዝ ግን ክለች የለውም፤ ፑሊው ሁልጊዜ ይዞራል፣ መጠኑን የሚቆጣጠረው ከኋላ ያለ ቫልቭ ነው። መጀመሪያ ያንተ የቱ እንደሆነ አረጋግጥ።

ዓባይ_ማዶ

የኤሌክትሪክ መኪናስ?

ጣና_ዳር_ጋራዥ

ከካቢን ፊልተርና ከኮንደንሰር ጽዳት ውጪ በራስህ አትንካው። ኮምፕሬሰሩ በብርቱካናማው ገመድ ከትልቁ ባትሪ ነው የሚሠራው፤ ያ ገመድ ይገድላል። ዘይቱም ይለያል። በቺንጋ የሚዞረው ብዙውን ጊዜ ፓግ ዘይት ይጠቀማል፤ የኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ኤስተር ዘይት ነው፣ ምክንያቱም ዘይቱ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ያለውን የሞተር ሽቦ ስለሚነካ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ የለበትም። በጌጅ ቱቦ ውስጥ የቀረ ትንሽ ፓግ እንኳ መከላከያውን ያበላሸዋል። ስለዚህ ለኤሌክትሪክ መኪና የተለየ ቱቦ የሌለው ጋራዥ አታስነካው። ብዙዎቹ ላይ ያው ኤሲ ባትሪውንም ስለሚያቀዘቅዝ ጉዳቱ የአየር ብቻ አይሆንም።

ፋሲሎ_06

ውጤቱን ልንገራችሁ። የቀኙ ፋን ሲመታ ተነሳ፣ ሲጠፋ ደግሞ አልነሳ አለ፤ ካርቦኑ አልቋል፣ ፋኑ ተቀየረ። ከኮንደንሰሩ መሃል የወጣው እብቅ ግማሽ ፌስታል ሞላ። ከዚያ ጋዙ ወደ ባዶ ሲሊንደር ተስቦ ተመዘነ፦ ኮፈኑ ስር ከተለጠፈው ልክ በ160 ግራም ይበልጣል። በ150 ፒኤስአይ ናይትሮጅን አንድ ሰዓት ቆየ፣ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ቫኪዩም አንድ ሰዓት፣ 24 ላይ ቆመ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ አልተመለሰም። በሚዛን ልኩ ተሞላ።

አሁን ውጭው 27 ዲግሪ፣ መኪናው ቆሞ፣ 1,500 ዙር ላይ ሰማያዊው 30፣ ቀዩ 185። መሃለኛው መንፊያ ላይ የገባው ቴርሞሜትር 7 ዲግሪ ይላል። ኮምፕሬሰሩ ያው የድሮው ነው።

የድሮ_መካኒክ

እንግዲህ ከመጀመሪያውም ጋዝ አልጎደለውም ነበር። ፋኑ ቆሞ ነበር የሞቀው፤ የተጨመረው ጋዝ ግፊቱን አባሰበት።

ሁለት ነገር ላስይዝህ። በአንድ ወረቀት ላይ የተሞላውን ግራምና ቀኑን ጽፈህ በላስቲክ ሸፍነህ ኮፈኑ ስር ለጥፍ። ቀጥሎ የሚነካው መካኒክ ከዚያ ይነሳል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ብርድ ነው ብለህ ኤሲውን አትዝጋው። በሳምንት አንድ ጊዜ አሥር ደቂቃ አብራው፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ዞሮ የዘንጉን ማኅተም ያርሰዋል። ሦስት ወር ከደረቀ ማኅተሙ ማፍሰስ ሊጀምር ይችላል፣ ያኔ በእውነት ጋዝ ይጎድልሃል። ዝናብ ላይ መስታወቱ ሲጤስ ኤሲውን ከሂተር ጋር አብረህ ክፈት፤ ጭጋጉን በሁለት ደቂቃ ያነሳልሃል፣ የሳምንቱም ሥራ በዚያው ያልቃል።

ፋሲሎ_06

እሺ ጋሼ፣ ወረቀቱን ዛሬውኑ ለጥፌዋለሁ። ጌጁን ሳልመልስ የጎረቤቴን መኪናም ለካሁ፤ ቆሞ ሰማያዊው 15፣ ቀዩ 110 ይላል፣ በመሙያው አፍ ላይ አረፋ ይወጣል። እሱ በእውነት የጎደለው ነው። ቫልቩን ቀይሮ በሚዛን እንዲሞላ ነግሬዋለሁ።